አበባ በሚጠፋበት ወር ንብን የሚመግብ ጓሮ

በመስከረም ንብ የማንንም እርዳታ አትሻም። ሜዳው አደይ አበባ ለብሷል፣ ኑጉ ቢጫ ሆኗል፣ በየመስኩ ማገጥና መጭ ሞልቷል። ያን ጊዜ ግቢያችሁ ውስጥ ያለች አንዲት መደብ አበባ ለንቧ ከቁጥርም አትገባም። ያችው መደብ በየካቲት፣ ሣሩ ደርቆ አቧራ በሚነሣበት ወር ብታብብ ግን ከሰፈሩ ሁሉ ንብ ይሰበሰብባታል። ለንብ መትከል ማለት የአካባቢን የረሃብ ወራት አውቆ ለእነዚያ ወራት የሚደርስ አበባ ማዘጋጀት ነው። ቀፎ መኖሩ ግዴታ አይደለም። ንብ ምግብ ፍለጋ እስከ ሦስት ኪሎ ሜትር፣ ሲብስባትም ከዚያ በላይ ስለምትሄድ፣ የእናንተ አበባ የሌላ ሰውን ቀፎ ወይም የዛፍ ሽንቁር ውስጥ ያለን መንጋ ክፉ ቀን ሊያሳልፍ ይችላል።

ከዚህ በታች የተጻፈው ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ለሚጥልበት ወይና ደጋና ደጋ ነው። በቆላና በልግ በሚበረታበት አገር ወራቱ ይዛወራሉ፤ አሠራሩ ግን ያው ነው።

ንብ የሚርባት መቼ ነው?

በዓመት ሁለት ክፉ ጊዜ አለ። አንደኛው ክረምቱ ሲጠነክር፣ ሐምሌና የነሐሴ መጀመሪያ ነው። ምድሩ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ረሃብ መኖሩ ሰውን ያስገርመዋል፤ ቅጠል ግን ለንብ ምግብ አይደለም። ያለችውን ጥቂት አበባ ዝናቡ ያጥባታል፣ ብርዱና ጭጋጉም ንቧን ከቀፎ አያስወጣትም። ሁለተኛው ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ደረቅ ወቅት ነው። ይህኛው የሚከፋው ማር ከተቆረጠ በኋላ ስለሚመጣ ነው። ኅዳር ላይ ቀፎው ተራቁቶ የተተወ መንጋ ጥር ላይ የሚበላው አይኖረውም፤ ቀፎውን ጥሎ ይኮበልላል። ባለቤቱም «ምን አስቀየምኳቸው?» እያለ ይቀራል።

ረሃቡ ከንቦቹ ጠባይ ይታወቃል። ወፍጮ ቤት ደጃፍ በፈሰሰ ዱቄት ወይም በዶሮ መኖ ላይ ንብ ስትንከባለልና በኋላ እግሮቿ ላይ ዱቄት ጠፍጥፋ ስትነሣ ካያችሁ፣ ለእጮቿ የምትመግበው የአበባ ዱቄት አጥታለች ማለት ነው። ጭማቂ ቤትና የስኳር ዕቃ ላይ መረባረቧ ደግሞ ጣፋጩን ማጣቷን ያሳያል። ቀፎ ያለው ሰው ሠራተኞቹ ድንጉላዎቹን (ወንድ ንቦቹን) በክንፋቸው እየጎተቱ ከበር ሲያስወጡ ያያል፤ መንጋው የማይሠራ አፍ መቀለብ አቅቶታል።

ከመትከላችሁ በፊት አንድ ደብተር ያዙና በየ15 ቀኑ ከቤታችሁ የሩብ ሰዓት መንገድ ባለው ዙሪያ ያበበውን ሁሉ ጻፉ። የዛፉን፣ የአጥሩን፣ የአረሙንም ጭምር። ዓመት ሙሉ መጠበቅ ካልቻላችሁ የሐምሌንና የየካቲትን ብቻ ጻፉ። የሚተከለውን የሚመርጥላችሁ ያ ባዶ ገጽ ነው።

ዛፍና አጥር

ትንሽ ቦታ ላይ ብዙ አበባ የሚሰጠው ዛፍ ነው፤ አንድ ያበበ ዛፍ ከመሬት የሚወስደው ጥቂት ሆኖ የሚሰጠው አበባ ከአንድ ሰፊ መደብ ይበልጣል። ለደረቁ ወቅት ከሁሉ በፊት የምንመርጠው ግራዋን ነው። ከታኅሣሥ ጀምሮ እስከ የካቲት ነጫጭ እቅፍ አበባ ያወጣል፣ ድርቅ ይችላል፣ ከብት አጥብቆ አይፈልገውም፣ ቅጠሉም የጠላ ጋን ያጥባል። በቁራጭ ይበዛል፦ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው፣ ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም በሳል ቅርንጫፍ ታች በኩል በሰያፍ ቆርጣችሁ፣ ክረምቱ ሲገባ ግማሹን መሬት ውስጥ አዘንብላችሁ ቅበሩት። ዐይኑ ወደ ላይ መሆኑን እዩ፤ ተገልብጦ የተተከለ ቁራጭ አይበቅልም። የግራዋ ትልቁ ስሕተት መከርከሚያ ጊዜው ነው። አበባው የሚወጣው ከቅርንጫፉ ጫፍ ስለሆነ ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ አጥር ለማሳመር የተከረከመ ግራዋ በዚያ ዓመት አያብብም። መቀሱን እስከ መጋቢት አቆዩት።

ሰፊ ግቢ ላለው ብሳናና ዋንዛ የሚያስቆጩ ዛፎች አይደሉም። ብሳና የበልግ ዝናብ ጠብ ሲል ያብባል፣ ማሩ ጠቆር ያለና መረር የሚል ነው። ዋንዛ ነጭ አበባው ወለላም (ንብ የምትቀስመው ጣፋጭ ፈሳሽ) የአበባ ዱቄትም ይሰጣል። ሁለቱም ስለሚሰፉ ከቤት ግድግዳ ቢያንስ ስድስት ሜትር ይራቁ። በከተማ ጠባብ ግቢ ቦትል ብራሽ ይሻላል፤ ቀዩ አበባው በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይመለሳል፣ ከርከም ቢደረግም ይታገሣል። በደጋ ደግሞ ትሪ ሉሰርን የተባለው ቁጥቋጦ ለከብቱ መኖ፣ ለንቡ አበባ ይሆናል፤ ብቻ ሁሉንም በአንዴ አትጨዱ፣ ሲሶው ሳይነካ ያብብ።

ባሕር ዛፍ ለንብ ትልቅ ባለውለታ መሆኑ እውነት ነው። ግን ጓሮ ውስጥ አትትከሉት። ውሃውን ይጠጣዋል፣ ከሥሩም አትክልት አይቀናም፤ ንቧ ደግሞ የሩቁን ባሕር ዛፍ ራሷ ታገኘዋለች። የወፍ ቆሎንም ለአጥር አትትከሉ፤ አበባው ቢያምርም ከግቢ ወጥቶ ግጦሹን ይወርራል። ቡና በሚበቅልበት ቦታ የቡናው አበባ ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ባሉት ቀናት ድንገት ይፈነዳና በጥቂት ቀን ይረግፋል። ትልቅ ስጦታ ነው፣ አጭር መሆኑን ግን አትርሱ።

መደቡ

ቦታችሁ ሁለት እርምጃ ብቻ ከሆነ የጥብስ ቅጠል ትከሉ። በበጋ በትንሽ ውሃ ያብባል፣ ንቦች ከጠዋት እስከ ማታ አይለዩትም፣ ለቤትም ይሆናል። ያላበበ ለስላሳ ጫፍ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ የታችኛውን ግማሽ ቅጠሉን ላጡ፤ አሸዋና አፈር እኩል በተቀላቀለበት ላስቲክ ተክላችሁ ጥላ ውስጥ አቆዩት። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሥር ይይዛል። ሲዛወር በመካከሉ ግማሽ ሜትር ይተው። ውሃ የሚተኛበት ጥቁር አፈር ውስጥ ይበሰብሳል፤ መደቡን ከፍ አድርጉለት።

ከዓመት ዓመት የማይቆዩትን በተመለከተ፣ ነገሩ ያለው አዘራሩ ላይ ነው። ድንብላልን ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ በየ15 ቀኑ ሦስት ጊዜ ከፍላችሁ ዝሩ። ለአንድ ካሬ ሜትር አንድ የሻይ ማንኪያ ዘር ይበቃል፤ ፍሬውን በመዳፍ አሸት አድርጎ ለሁለት መክፈል ብቅለቱን ያፋጥነዋል። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ ስለሚያብብ፣ የመጀመሪያው ዙር በጥር ሲፈነዳ ሦስተኛው የካቲትን ይዞ ይዘልቃል። ሁሉንም በአንድ ቀን የዘራ ሰው ግን ሁለት ሳምንት ጠግቦ ወር ሙሉ ያስርባል። ሱፍ (ሰንፍላወሩ) ኅዳር ላይ ቢዘራና ውሃ ቢያገኝ ከ70 እስከ 90 ቀን ውስጥ ያብባል፤ ለአበባ ነጋዴ የተዘጋጁ አንዳንድ ዝርያዎች የአበባ ዱቄት ስለሌላቸው ተራውን የዘይት ሱፍ ፈልጉ።

ከሁሉ የሚቀለው ምንም አለመዝራት ነው፦ ጎመን አንቅሮ ግንድ ሲያወጣ አትንቀሉት። አራት ወይም አምስት እግር ተዉ። ቢጫው አበባ ሦስትና አራት ሳምንት ንብ ያረባርባል፣ ከዚያም የዓመት ዘራችሁ ይሆናል። በሶብላም እንዲሁ ነው፤ ከመደቡ ሲሶውን እስኪረግፍ አቆዩለት፣ የቀረውን ለበርበሬና ለሽሮ ልቀሙ።

ለክረምቱ ረሃብ የሚደርስ ነገር ማግኘት ይከብዳል። ግንቦት ላይ በውሃ የተዘራ ዱባ ሐምሌ ላይ አበባ ይሰጣል፤ ሰፊው ቅጠሉም አበባውን ከዝናብ በመጠኑ ይከልለዋል። በሰኔ የተዘራ ባቄላ ነሐሴ ላይ ይደርሳል። በቆሎ ወለላ ባይኖረውም አናቱ ላይ ባለው ወንዴ አበባ የሚንጠለጠለውን ዱቄት ንቦች ጠዋት ጠዋት ይለቅሙታል፣ ለእጭ ማሳደጊያ ይረዳል። ከየት እንደመጡ ማወቅ ከፈለጋችሁ እግራቸውን እዩ፦ ግራጫ መሳይ እንክብል ከባቄላ ነው፣ ደማቅ ቢጫው ከጎመን፣ ብርቱካንማው በመስከረም ከአደይ አበባ።

አተካከሉ ላይ አንድ ነገር። ንብ በአንድ ጉዞ አንድ ዓይነት አበባ ብቻ ነው የምትቀስመው። ስለዚህ አሥር ዓይነት አበባ አንድ አንድ እግር ከመበተን፣ ሦስት ዓይነት ካሬ ሜትር ካሬ ሜትር አድርጎ መትከል ይጠቅማል። ሌላው ወጥመድ ድርብርብ አበባ ነው። ቅጠለ ብዙ የሆነው ጽጌረዳና ዳህሊያ ወንዴ ዘሩ ወደ አበባ ቅጠል ስለተለወጠ ለንብ ባዶ ቤት ነው፤ መሐሉ ቢጫ ሆኖ የሚታየውን ነጠላውን ምረጡ። አስተናግር ካለ ንቀሉ፤ መርዛማ ነው። ቁልቋልም ቀፎ አጠገብ አይመከርም፣ ማሩ ጉሮሮ ያቃጥላል።

ውሃ

ንብ ውሃ የምትቀዳው ለመጠጥ ብቻ አይደለም። የጠጠረ ማር ታሟሟበታለች፣ ቀፎው ሲግልም በክንፏ እያራገበች ታቀዘቅዝበታለች። በሙቀት ቀን አንድ ብርቱ መንጋ እስከ አንድ ሊትር ሊወስድ ይችላል። ውሃ ካላዘጋጃችሁላት የጎረቤት ቧንቧ ሥር፣ የልብስ ማጠቢያው ገንዳ ላይ ታገኟታላችሁ፤ ጠብም ከዚያ ይጀምራል።

ሰፋ ያለ የሸክላ ሳህን ወይም የጋን ስባሪ ውሰዱ። ሸክላ የምንለው ከቆርቆሮ ይልቅ ስለማይግልና ጠርዙ ርጥበት ስለሚይዝ ነው፤ ንቦች ከውሃው ይልቅ ርጥቡን ጠርዝ ሲልሱ ታያላችሁ። ጠጠር ሙሉበትና ከጠጠሩ ጫፍ በታች እስኪሆን ድረስ ውሃ ጨምሩ፤ ጥልቀቱ ከሦስት ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ጠጠር የሌለው ሳህን መስጠሚያ ነው። ግማሽ ጥላ ያለበት፣ ልጆች የማይሮጡበት ጥግ ይቀመጥ። ቀፎ ካለ ልክ ከበሩ ፊት አታድርጉት፣ ኩሳቸው ይገባበታል። በየሁለትና ሦስት ቀኑ ደፍታችሁ መልሱ፤ ትንኝ ለማደግ ከዚያ በላይ ቀን ስለሚያስፈልጋት አትራባበትም። እና አንዴ ከጀመራችሁ እንዳይደርቅ። ንብ የለመደችውን የውሃ ቦታ አትረሳም፤ ለአንድ ሳምንት ደርቆ ያገኘችው እንደሆነ ሌላ ቦታ ትለምድና መመለሷ ይከብዳል።

ቀፎ የማያውቁት ንቦች

ንብ ሲባል ማር የምትሰጠው ብቻ ትታሰባለች። ጓሮ ውስጥ ግን ለብቻቸው የሚኖሩ፣ ማርም የማያከማቹ፣ አበባን በማዳቀል ግን ከቀፎዋ ንብ የማያንሱ ብዙ ናቸው። የጽጌረዳ ቅጠል ጠርዙ ላይ በመቀስ የተቆረጠ የሚመስል ንጹሕ ክብ ጉድለት ካገኛችሁ ትል አልበላውም። ቅጠል ቆራጭ ንብ ናት። ክቡን ጠቅልላ ወደ ሽንቁር ትወስድና ለእንቁላሏ ክፍል ትሠራበታለች። ተክሉ አይጎዳም፤ መርጨት አያስፈልግም። እንጨት የምትበሳው ትልቋ ጥቁር ንብ ደግሞ አበባውን በጡንቻዋ እያንዘረዘረች ዱቄቱን ታስለቅቃለች። ቲማቲም ይህን መንዘርዘር ይወዳል፤ የቀፎዋ ንብ ይህን አታውቅበትም።

እነዚህ የሚፈልጉት ማደሪያ ነው። ሸምበቆ ወይም ቀጭን ቀርከሃ በ15 ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ፣ አንድ ጫፉ በአንጓው የተደፈነ፣ ሌላው ክፍት ይሁን። የቀዳዳው ስፋት ከ4 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይለያይ፤ የእርሳስ ውፍረት መካከለኛው ነው። አፉ የተሰነጠረ ክንፍ ስለሚቀድ በአሸዋ ወረቀት አለስልሱት። ሃያ ሠላሳውን አንድ ላይ አስሩና ጠዋት ፀሐይ በሚያገኝ ግድግዳ ላይ፣ ከጣሪያ ክፈፍ ሥር፣ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ከፍ አድርጋችሁ እንዳይወዛወዝ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ዝናብ የሚመታው እሥር ይሻግታል። ሸምበቆውን በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ፤ በአሮጌው ውስጥ ጥገኛ ነፍሳት ይራባሉ። ለጥቁሯ ንብ ደግሞ የደረቀ የቃጫ ግንድ ቆሞ ይተውላት።

ብዙዎቹ ግን ጎጆአቸው መሬት ውስጥ ነው። ፀሐይ የሚመታው፣ ትንሽ ተዳፋት የሆነ አንድ ካሬ ሜትር ባዶ መሬት ምንም ሳትዘሩ፣ ሣርም ሳታለብሱ፣ ሳትቆፍሩ ተዉ። ጓሯችሁ ውስጥ ጣዝማ ካለች ዕድለኛ ናችሁ። ጣዝማ አትናደፍም፣ የጎጆዋ መግቢያ ከመሬት ብቅ ያለች ጠባብ ቱቦ ናት፣ ጎጆዋ ግን ወደ ታች ይጠልቃል። ማሯን ለመድኃኒት ብሎ መቆፈር ብዙውን ጊዜ ጎጆውን ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል፤ ለጥቂት ማር የሚጠፋው መንጋ በዚያ ጓሮ አይተካም። ቱቦዋን በድንጋይ ዙሪያዋን ከልሉና ማንም እንዳይረግጣት አድርጉ።

መርጨት

ጓሮ ውስጥ ንብ የሚያልቀው ብዙውን ጊዜ በአንድ ማለዳ ርጭት ነው። ማላታይን፣ ዳይሜቶኤት፣ ክሎርፓይሪፎስ፣ ላምዳ ሳይሃሎትሪን፣ ኢሚዳክሎፕሪድ የሚባሉት ሁሉ ለንብ ብርቱ መርዝ ናቸው። በጠርሙሱ ላይ ያለው የንግድ ስም ስለሚለያይ፣ በትንሹ የተጻፈውን የንጥረ ነገር ስም አንብቡ። ዱቄት ሆኖ የሚነሰነሰው ከፈሳሹ ይከፋል፤ እንደ አበባ ዱቄት ጸጉሯ ላይ ይጣበቅና ወደ ቀፎ ይገባል። ቱፎርዲና የመሰሉት የአረም ማጥፊያዎች ንቧን በቀጥታ ባይገድሉ እንኳ በበጋ ያላትን ብቸኛ መሶብ ያነሡባታል።

በመጀመሪያ ሳትረጩ ለማለፍ ሞክሩ። በጎመን ላይ ያለን ክሽክሽ ጠንካራ የውሃ ግፊት ግማሹን ያወርደዋል። ለቀረው በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጡና የቅጠሉን ጀርባ አርጥቡ፤ መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክራችሁ በማግስቱ ካልተቃጠለ ቀጥሉ፣ በየአምስት ቀኑ ድገሙ። ሳሙና የሚገድለው ሲነካ ብቻ ነው፣ ከደረቀ በኋላ ንብን አይጎዳም። ትል በእጅ ይለቀማል። የተነፋ አመድ በጎመን ቅጠል ላይ መነስነስም የታወቀ ነው፤ ዝናብ ካጠበው ይደገማል።

መርጨት የግድ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ከሥር ያበበውን አረም አስቀድማችሁ እጨዱ፤ ተክሉ ራሱ ባያብብም ጠብታው አረሙ ላይ ያርፋል። ለጎረቤት አናቢ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ንገሩ። ንቦች ሁሉ ከገቡ በኋላ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ወዲያ ርጩ። ነፋስ ካለ ተዉት። ያበበ ተክል ላይ በምንም ሰዓት አትርጩ። የመርጫውን ዕጣቢ ንብ ከምትጠጣበት ውሃ አጠገብ አትድፉ፣ የንቧን ውሃም ለዚያች ሌሊት ክደኑት። ጠዋት ለመርጨት የሚያባብለው ነፋስ አለመኖሩ ነው፤ ግን ልክ ንቧ በምትወጣበት ሰዓት አበባው ላይ እርጥብ መርዝ ይጠብቃታል።

በማግስቱ ሣሩ ላይ ምላሳቸውን አውጥተው የሞቱ፣ ወይም ክንፋቸው እየተንቀጠቀጠ በክብ የሚሽከረከሩ ንቦች ካያችሁ መርዝ ነው። በበር ፊት ጥቂት የሞቱ ንቦች መኖራቸው ግን የተለመደ ነው፤ ሠራተኛ ንብ በሥራ ወቅት ዕድሜዋ ስድስት ሳምንት ያህል ነው።

ንቧ ለናንተ የምታደርገው

የዱባ አበባ ጎሕ ሲቀድ ይከፈትና ረፋድ ላይ ይዘጋል። በእነዚያ ጥቂት ሰዓቶች ሴቴዋን አበባ ደጋግመው ካልጎበኟት ፍሬዋ ይጣመማል ወይም እንቁላል አክላ ትወድቃለች፤ ሰው ግን ውሃ ያነሳት መስሎት ይደክማል። አቮካዶ ደግሞ አበባው ሁለት ጊዜ ይከፈታል። ሐስ የተባለው ዝርያ ጠዋት ሴቴ ሆኖ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወንዴ ሆኖ ይመለሳል። ፉዌርቴ በተቃራኒው ነው። ሁለቱን ማጎራበት የሚመከረው ለዚህ ነው፤ በመካከላቸው የሚያመላልሰው ግን ንብና ዝንብ ነው።

ቀፎ ያለው ሰው በረሃቡ ወር

ከሁሉ የሚበልጠው መመገቢያ ራሱ ማሩ ነው። በኅዳር ስትቆርጡ ከማሩ ቢያንስ ሲሶውን ለራሳቸው ተዉ፣ እጭ ያለበትን እንጀራ አትንኩ። ይህ ከተደረገ ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር አያስፈልግም።

ግድ ሲሆን አንድ ኪሎ ነጭ ስኳር በአንድ ሊትር ፈልቶ በወረደ ውሃ አሟሙ። ስኳሩን እሳት ላይ አታፍሉት፤ ያረረ ስኳር ሆዳቸውን ይጎዳል። ሲቀዘቅዝ ግማሽ ሊትሩን በዝርግ ዕቃ አድርጋችሁ፣ እንዳይሰጥሙ ጭድ በትናችሁበት፣ ሲመሽ ቀፎው ውስጥ አስቀምጡ። በየሁለትና ሦስት ቀኑ ድገሙ፣ አበባ ሲመጣ አቁሙ። ውጭ ላይ ማስቀመጥ የሌላ ቀፎ ንብ ይጠራል፣ ጠንካራው ደካማውን መዝረፍ ይጀምራል። ለአበባ ዱቄት ምትክ በሶ ወይም የአተር ዱቄት ይሰጣል። ሽሮ የሚሰጡ አሉ፤ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ያልነካው መሆኑን አረጋግጡ። ምንጩን የማታውቁትን ማር ግን አትስጡ፣ በሽታ ይዞ ይገባል።

በዚሁ ወቅት ጉንዳን ይበረታል። የተራበ መንጋ ራሱን አይከላከልም፤ ጉንዳን በአንድ ሌሊት ባዶ ሊያደርገው ይችላል። የቀፎውን መደብ እግሮች የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ አቁሙ፣ ንብ እንዳይገባበት ከላዩ ቆርቆሮ ክደኑበት። ዙሪያውን ሣሩን አጽድታችሁ አንድ ስንዝር ስፋት ያለው አመድ አድርጉ፤ ከዝናብ በኋላ አድሱት። አንድ የሣር ዘለላ ከቀፎው ጋር ከተነካካ ዘይቱም አመዱም ዋጋ የለውም፤ ጉንዳን በእርሷ ይሻገራል።

የአገራችን ንብ ቁጡ ናት። ልጆች በሚጫወቱበት ጠባብ የከተማ ግቢ ቀፎ ማስቀመጥን አንመክርም፤ አበባና ውሃ ብቻ ይበቃል። ያለው ሰው በሩን ከመንገድ አዙሮ ፊት ለፊቱ የሰው ቁመት የሚበልጥ አጥር ያቁም፣ ያኔ በረራቸው ከራስ በላይ ይሆናል። የታሰረ አህያ፣ ላም ወይም የተዘጋ ዶሮ ቀፎ አጠገብ አይኑር፤ መሸሽ የማይችለው እንስሳ ነው የሚሞተው።

መንጋ ግቢያችሁ ቢያርፍ

ከቅርንጫፍ ላይ እንደ ዘለላ ተንጠልጥሎ የሚርመሰመስ መንጋ ያስፈራል እንጂ በዚያ ሰዓት ከወትሮው የሰከነ ነው። ከመውጣቱ በፊት ማር ጠግቧል፣ የሚጠብቀው ልጅና ማር የለውም፣ አውራው (ንግሥቲቱ ንብ) መሐሉ ናት፤ ቃኚዎቹ ቤት እየፈለጉለት ነው። ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሰዓት እስከ ሁለትና ሦስት ቀን ቆይቶ ይሄዳል። ውሃ አትድፉበት፣ ድንጋይ አትወርውሩ፣ እሳት አታንድዱበት። ልጆችንና ከብቱን አርቁ፣ በአቅራቢያ ያለ አናቢ ጥሩ። አናቢው ሲመሽ ይመጣል፤ በወይራ ወይም በጥንጁት የታጠነ ባዶ ቀፎ ከሥራቸው ይዞ ቅርንጫፉን በአንድ ፈጣን ንቅነቃ ያራግፋቸዋል። አውራው ከገባች የቀሩት ተከትለው ይገባሉ፤ ካልገባች ሁሉም ወደ ቅርንጫፉ ይመለሳሉ፣ ሥራውም እንደገና ይጀመራል።

አንዷ ብትናደፍ መውጊያውን በጥፍር ወዲያው ጫሩና አውጡ፤ በቆየ ቁጥር መርዝ ይጨምራል። የተናደፈው ቦታ የበሰለ ሙዝ የመሰለ ሽታ ይተዋል፤ ሌሎቹን የሚጠራው እርሱ ስለሆነ ከቦታው ራቁ፣ ቆዳውንም በውሃና በሳሙና እጠቡ። ከንፈር ወይም ጉሮሮ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሰውነት ሁሉ ሽፍ ካለ ወይም ራስን መሳት ከመጣ ጊዜ ሳትሰጡ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ብዙ ጊዜ የተነደፈ ሰው ምልክት ባይኖረውም ይታይ።

መንጋው ከሄደ በኋላ ያረፈበት ቅርንጫፍ ላይ ሽታው ይቀራል፤ ሌላ መንጋም እዚያው ሊመጣ ይችላል። ቀፎ ለመጀመር የሚያስብ፣ ቦታውም ያለው ሰው፣ ባዶ ቀፎውን ሰም ቀብቶ በዚያው አቅራቢያ መስከረም ሳይገባ ይስቀል።